ከውሃ በላይ የነበረው ድንጋይ

ተሰማ መጋላ ሰፈር ውስጥ በአንድ የእህል መጋዘን ሃያ ሁለት ዓመት መዛኝ ሆኖ ሠርቷል። ሥራው አጭር ነው። ኩሊው ጆንያውን ሚዛኑ ላይ ያወርዳል፤ ተሰማ ቁጥሩን ይጠራል፤ ጸሐፊው ይጽፋል፤ ኩሊው ጆንያውን መልሶ ይሸከማል። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ፣ እህል በሚበዛበት ሰሞን ሦስት መቶ። ተሰማ ቁጥር አይስትም ይሉ ነበር። እሱም አምኖ ተቀብሎታል።

ከሥራ በኋላ ያስተምራል። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቀበሌው የተማረ ሰው አሰሰ፤ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰው ተሰማ ከዝርዝሩ አናት ላይ ወጣ። ፊደል አስቆጠረ። የቆጠሩት ማንበብ ሲችሉ "አሁን ደግሞ ሳይንስ" ተባለ። የትኛው ሳይንስ እንደሆነ ቀበሌው አልዘረዘረም። ተሰማ አንድ ህንዳዊ አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት የሄደ የእንግሊዝኛ የፊዚክስ መጽሐፍ ነበረው። መዝገበ ቃላት ከጎኑ አስቀምጦ በሳምንት አንድ ምዕራፍ ይተረጉማል። በተርታ አልሄደም፤ ማሳየት የሚችለውን ነው ያስቀደመው። ሚዛን አለው፣ ውሃ አለው፤ ስለዚህ ክብደትና ውሃ ቀደሙ። ሰበቃ የሚለውን ምዕራፍ ዘለለው። አንድ ነገር በሌላው ላይ እንዳይንሸራተት ስለሚይዘው ኃይል የሚያወራ፣ ሥዕሉ ጥቂት፣ ቀመሩ ብዙ ምዕራፍ ነው። አሰልቺ መሰለው።

የሚያስተምረው በቀበሌው አዳራሽ ነበር፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት። ሠላሳ አራት ተማሪ። የቀፊራ ገበያ ሴቶች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ከመጋዘኑ ደግሞ አሥራ አንድ ኩሊዎች። ከኩሊዎቹ አንዱ ዱዓሌ ነው።

ዱዓሌ ከሽንሌ በኩል የመጣ ሶማሌ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ግድም፣ ረጅም፣ ቀጭን። ለቀልድ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ስልሳ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ የሚሸከመው ጆንያ ግን መቶ ኪሎ ነው። ከእህቱ ከሀሊሞ ጋር ይኖራል። ሀሊሞ ቀፊራ ውስጥ ወተት ትሸጣለች። "ሁለታችንም ከተማርን ማን ይሸጣል?" ብላ ክፍል አልገባችም። ዱዓሌ ሲሠራ የሚውለው ደብተሩን ከሸሚዙ ሥር፣ ሆዱ ላይ አድርጎ ነው። በላብ የራሰ ደብተር ምኑ ይነበባል ሲሉት፣ "እኔ አነበዋለሁ፤ ላቡ የኔ ነው" ይላል።

መጋዘኑ ከደቻቱ ወንዝ በአንድ በኩል፣ እህሉን የሚቀበሉት የከዚራ ሰፈር ሱቆች በሌላው በኩል ናቸው። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው፤ ሰው ይሄድበታል፣ ግመል ይተኛበታል። ላይ ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን ከተማው ጠብታ ሳያይ ውሃው ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ሲበረታ ማንም አይደፍረውም። እስከ ጭን ሲወርድ ኩሊዎቹ ይሻገሩታል፤ በድልድዩ ከዞሩ ምልልሱ ይረዝምባቸዋል። ጆንያ የተሸከመ ከነጆንያው ይገባል። ባዶውን የሚመለስ ኩሊ ደግሞ ከዳር አንድ ከባድ ድንጋይ አንስቶ ትከሻው ላይ ያደርግና ይሻገራል፤ ማዶ ሲደርስ ይጥለዋል። በሁለቱም ዳር በብዙ ትከሻ የለሰለሱ ድንጋዮች ተከምረው ነበር። ለምን ሲባሉ፣ የቀደሙን እንዲህ ነው የሚሻገሩት ይላሉ። ከዚያ ያለፈ ማብራሪያ የላቸውም።

ተሰማ ማብራሪያ የሌለውን ነገር ጎጂ ልማድ ብሎ መዘገበው።

በየካቲት 1974 አንድ ሐሙስ ከዳሩ ክምር አንድ ድንጋይ አስመጣ። የመንጠቆ ሚዛን ከአዳራሹ ማገር ላይ አንጠለጠለ፤ ድንጋዩን በገመድ አሠረበት።

"ስንት ይላል?"

"ሃያ!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

ግማሽ በርሜል ውሃ ከሥሩ አስጠጋና ድንጋዩን እስኪሰምጥ ድረስ አወረደው። መርፌው ተመለሰ።

"አሁንስ?"

"አሥራ ሁለት ተኩል!"

"ሰባት ተኩሉን ማን በላው?"

"ጸሐፊው!" አለ አንዱ ከኋላ። ኩሊዎቹ በሳቅ ፈነዱ።

"ውሃው ነው" አለ ተሰማ ሳቁ ሲበርድ። "ውሃ የገባበትን ነገር ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ይቀላል። ድንጋዩን እንኳ እንዲህ ያቀለለ ውሃ፣ ድንጋይ ይፈራል? ድንጋዩ እናንተን ያደክማል እንጂ ውሃውን ምንም አያደርገውም።"

ከኩሊዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት አው ሙመድ ጢማቸውን ዳሰሱ። "ልጄ፣ እኛ በድንጋይ ስንሻገር ሰው አልሄደብንም።"

"በድንጋዩ ነው በዕድል፣ አው ሙመድ?"

"እሱን ውሃው ነው የሚያውቀው።"

እንደገና ተሳቀ። ዱዓሌ ተነሣ። ሲጠይቅ ሁልጊዜ ቆሞ ነው።

"መምህር፣ አንተ ድንጋዩን ውሃ ውስጥ ከተትከው። እኔ ድንጋዩን የምይዘው ትከሻዬ ላይ ነው። ትከሻዬ ደርቆ ነው የሚሻገረው።"

ተሰማ መልሱን አላወቀውም። አላውቅም ማለት ግን በዚያ ቀን፣ ክፍሉ እንዲህ ደምቆ፣ አልሆነለትም።

"ታዲያ ትከሻህን ቤት ትተኸው ነው የምትሻገረው? አንተ ከገባህ ድንጋዩም ገባ። አንድ ላይ ናችሁ።"

"ዱዓሌ ትከሻውን ቤት ትቶት!" አለች አንዷ የቀፊራ ሴት። አዳራሹ ተናጋ። ዱዓሌም ሳቀ። "አቦ፣ ተሸነፍኩ" ብሎ ተቀመጠና የተሰማን ቃል ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ወጣቶቹ ኩሊዎች ድንጋይ ማንሣት ተዉ። ሽማግሌዎቹ አልተዉም፤ ወጣቶቹ ሲያዩዋቸው "ጸሐፊው በላው!" እያሉ ይጮሁባቸዋል። የቀበሌው የትምህርት ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ፋራህ ወሬው ደረሰው። ኩሊዎች በሳይንስ ጎጂ ልማድን ድል መቱ የሚል ሪፖርት ጽፎ ወደ ላይ ላከ።

ሚያዝያ ላይ፣ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ደቻቱ እስከ ጭን ነበር። ዱዓሌ በቆሎ አድርሶ ባዶውን ይመለሳል። አው ሙመድ ድንጋያቸውን ተሸክመው ከኋላው ነበሩ። ያዩትን በኋላ ለሁሉም በአንድ ዓይነት ቃል ነገሩ፦ አልወደቀም። ቆሞ ነበር። መሃል ላይ እግሩ ከሥሩ ሸሸ።

በማግሥቱ አስከሬኑ ከከተማው ታች እሾህ ላይ ተይዞ ተገኘ። ተቀበረ።

ተሰማ ለቅሶ ደረሰ። ሀሊሞ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ ወደ በሩ መጣችና ውሃ በጣሳ ሰጠችው። "የአላህ ነው፣ መምህር" አለችው። "ማንበብ አስተማርከው። አላህ ይስጥህ።" ተሰማ ጠጣ። አዝኖ ነበር፤ ከሐዘን በቀር ግን ያኔ ምንም አልተሰማው። ውሃ ሰው ይወስዳል። ደቻቱ በየዓመቱ ይወስዳል።

ሰኔ ላይ ማሳየት የሚችላቸው ምዕራፎች አለቁበት። ወደ ዘለለው ተመለሰ። አንድ እሑድ ጠዋት ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ሰበቃን መተርጎም ጀመረ። በሦስተኛው ገጽ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ተርጉሞ ሲጨርስ እንዲህ ይላል፦ ሰበቃ አንዱ ነገር ሌላውን በሚጫንበት ኃይል ልክ ያድጋል። በደንብ የተጫነ በደንብ ይይዛል። ቀለል ብሎ ያረፈ በቀላሉ ይንሸራተታል።

እርሳሱን አስቀመጠ።

ሰውዬው ስልሳ አንድ ኪሎ ነው። ውሃው እስከ ጭኑ ነው። ከሰው አካል ሁለቱ እግሮች ሲሦ ያህል ናቸው፤ ውሃው ያንን ወደ ላይ ይገፋል። ወደ ሃያ ኪሎ ይቀልለታል። አሸዋውን የሚረግጠው እንደ አርባ አንድ ኪሎ ሰው ነው፤ የሚገፋው ውሃ ግን አልቀነሰም። አሁን ትከሻው ላይ ሃያ ኪሎ ድንጋይ አድርግ። ድንጋዩ ከውሃ በላይ ነው፤ ውሃ አልነካውም፤ አንድ ኪሎ አልጎደለበትም። ሰውዬው እንደገና ስልሳ አንድ ሆነ። ውሃው የወሰደበትን ድንጋዩ መለሰለት። እግሩ ያዘ።

ተሰማ ድንጋዩን ነበር ውሃ ውስጥ የመዘነው። ውሃ ውስጥ የሚገባው ሰውዬው ነበር።

ተነሥቶ ጀሪካን ውስጥ እፍኝ አሸዋ ጨመረና ቦኖው አጠገብ ወዳለው መፍሰሻ ወረደ። ጀሪካኑን ወራጁ ላይ አቆመው። ትንሽ ተንገዳግዶ ተንሸራተተ። መልሶ አቆመውና አናቱ ላይ ጡብ አስቀመጠ። ቆመ። ጡቡን አነሣ፤ ሄደ። መለሰ፤ ቆመ።

ባለቤቱ ትርንጎ በእንስራ ውሃ ልትቀዳ መጥታ አገኘችው። "ምን እየሠራህ ነው?"

"ሰው እየመዘንኩ።"

"ተሰማ፣ ጎረቤት እያየህ ነው።"

ሰባት ጊዜ ደገመው። በሰባተኛው ትርንጎ ፊቱን አየችና እንስራዋን ሳትሞላ ይዛው ገባች።

ሁሉንም ነገራት። የዱዓሌን ጥያቄ ጭምር።

"አውቀህ አላደረግኸውም" አለችው።

"ጠይቆኝ ነበር።"

"ለማን ልትነግር ነው? ፋራህ ሪፖርት ልኳል። ሪፖርቱን ውሸት ስታደርግበት ዝም የሚልህ ይመስልሃል? ሳቦታጅ ነው፣ አብዮቱን ማደናቀፍ ነው የሚልህ። ሰው በትንሹ ሲታሰር አላየህም?"

"ልጆቹ ባዶአቸውን እየተሻገሩ ነው።"

"በድልድይ ሂዱ በላቸው። እሱን መናገር አያስከስስም።"

እንዳለችው አደረገ። በማግሥቱ ሚዛኑ ላይ ጆንያ ለሚያወርድ ወጣት ኩሊ ሁሉ ከቁጥሩ ጋር "በድልድይ ሂድ" እያለ ጨመረ። ሳቁበት። "መምህር አረጀህ አቦ! ሳይንሱ የት ገባ?" አሉት። ለምን እንደሆነ ቢነግራቸው ይሰሙት እንደነበር ያውቃል። አልነገራቸውም።

ከዚያ ሁለት ጊዜ ውሃ መጣ። ሁለቱንም ጊዜ ሚዛኑን ለጸሐፊው ትቶ ወደ ደቻቱ ሮጠ። ዳር ቆሞ ባዶአቸውን የሚሻገሩትን ወጣቶች ቆጠረ። የመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ገቡ፣ ዘጠኝ ወጡ። በሁለተኛው ቀን ከስድስቱ አንዱ መሃል ላይ ተንሸራትቶ በእጁ አሸዋ ይዞ ተነሣ። ልጁ እየሳቀ ወጣ። ተሰማ በክፍሉ ለመናገር ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ቴርሞሜትር አስተማረ።

ሐምሌ ሲገባ ጓድ ፋራህ ራሱ መጋዘን ድረስ መጣ።

"ጓድ ተሰማ፣ እሑድ የትምህርት ዙሩ ማጠቃለያ ነው። ከአውራጃው እንግዶች ይመጣሉ። ያንን የድንጋይ ነገር ታሳያቸዋለህ። በርሜሉን፣ ሚዛኑን፣ ያንኑ። አሥር ደቂቃ።"

"ሌላ ባሳይስ? ቴርሞሜትር…"

"ሪፖርቱ ላይ ያለው ድንጋይ ነው፣ ጓድ። ሌላ ምን ይሠራልኛል?" ፋራህ ክፉ ሰው አልነበረም። ላቡን ጠረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔንም ከላይ ይጠይቁኛል እኮ።"

ተሰማ እሺ አለ። እሺ ያለው ፈርቶ ነው። ነሐሴ እየመጣ እንደነበር፣ የነሐሴ ውሃ ከሚያዝያው እንደሚብስ ያውቃል። ድንጋዩን ያን ቀን እንደገና ውሃ ውስጥ ከነከረው፣ ሽማግሌዎቹም ይተዉታል።

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ቀይ ጨርቅ፣ መፈክር፣ ከፊት ሦስት እንግዶች። ኩሊዎቹ በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሸሚዛቸው ታጥቧል። ተሰማ ሚዛኑን ከማገሩ አንጠለጠለ። ከዚያ ድንጋይ ሳይሆን አሸዋ የተጨመረበት ትልቅ ጀሪካን አውጥቶ አሠረበት።

"ይህ ሰው ነው" አለ። "ስንት ይላል?"

"ሃያ!"

ጀሪካኑን እስከ ግማሹ በርሜሉ ውሃ ውስጥ አወረደው። "አሁንስ?"

"አሥር!"

"ሰውዬው ግማሹን ክብደቱን አጣ። መሬቱን የሚረግጠው በቀረው ነው። የረገጠ ይይዛል፣ ያልረገጠ ይንሸራተታል።" አሥር ኪሎ ድንጋይ አንሥቶ ጀሪካኑ አናት ላይ፣ ከውሃው በላይ አስቀመጠ። መርፌው ወጣ። "አሁን?"

አንድ ልጅ እግር ኩሊ ብቻ በቀስታ "ሃያ" አለ።

"ጓድ ተሰማ" አለ ፋራህ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ "ይኼ በፕሮግራሙ የለም።"

"የለም፣ ጓድ።" ተሰማ ወደ ኩሊዎቹ ዞረ። "ድንጋዩ ልክ ነበር። የካቲት ላይ ያስተማርኳችሁ ስህተት ነው። ድንጋይ ሳትይዙ ደቻቱ አትግቡ። ሲሞላ በድንጋይም አትግቡ፤ በድልድይ ዙሩ። ዱዓሌ የሞተው እኔን ሰምቶ ነው።" መጨመር ያልነበረበትን ጨመረ። "ያኔ ይህን ማንም አላሰበውም ነበር።"

አው ሙመድ ተነሡ። በእጃቸው ወንበር ተደግፈው ነው የተነሡት።

"ዱዓሌ አስቦት ነበር" አሉ። "ትከሻዬ ደርቆ ነው የሚሻገረው አለህ። ሳቅህበት። እኛም ሳቅን።"

ተቀመጡ። ፋራህ ብድግ ብሎ መፈክር አስነሣ። ሕዝቡ ተከተለው። እንግዶቹ ሰዓታቸውን አዩ።

የደረሰበት ብዙ አይደለም። ሁለት ቀን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተጠርቶ ተጠየቀ፤ ግለ ሂስ ጻፈ፤ ከአስተማሪነት ተነሣ። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ከዚህ የባሰ የደረሰባቸው ነበሩ፤ ትርንጎ ስትፈራው የነበረው አልመጣም። ኩሊዎቹ ሰኞ ሲመጡ ጆንያቸውን አወረዱ፣ ቁጥራቸውን ሰሙ፣ ሄዱ። የሰደበው የለም። እንደ ድሮው የቀለደበትም የለም። ውሃው ሲመጣ ሁሉም በድንጋይ ነው የገቡት።

ለሀሊሞ ግን ራሱ አልነገራትም ነበር። ወሬው እንደሚደርሳት አውቆ ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ቀፊራ ሄደ። ወተቷን ፊቷ አስቀምጣ በጥላ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችው፤ እንዲቀመጥ አላለችውም።

"ሰማሁ" አለችው።

"ራሴ ልነግርሽ ነው የመጣሁት።"

"ንገረኛ።"

ነገራት። ቆሞ፣ ሰው እየተጋፋው። የዱዓሌን ጥያቄ በዱዓሌ ቃል፣ መልሱን በራሱ ቃል ተናገረ። ስለ ሳቁም አልደበቀም።

"ያን ቀን ቤት መጥቶ ነግሮኛል" አለች ሀሊሞ። "መምህር ትከሻህን ቤት ተወው አለኝ ብሎ። እኔም ስቄአለሁ።" የወተቱን ክዳን አነሣች፤ መልሳ ከደነች። "ሐሰት መሆኑን መቼ አወቅክ?"

"ሰኔ ላይ።"

"ቀኑን።"

"እሑድ ነበር። ለሰዎቹ እስክነግር ሃያ ስምንት ቀን።"

"በሃያ ስምንት ቀን ውሃው ስንት ጊዜ መጣ?"

"ሁለት ጊዜ።"

"ልጆቹ ባዶአቸውን ገቡ?"

"ገቡ።"

"አንተስ?"

"ዳር ቆሜ ነበር።"

"ምን ልታደርግ?"

አንዲት ሴት ጣሳ ይዛ መጥታ ከጎኑ ቆመች።

"የካቲት ላይ ለወንድሜ ያልከውን ለአላህ ሰጥቻለሁ" አለች ሀሊሞ። "አላወቅክም፤ እኔም አላወቅኩም፤ ስቄአለሁ። ሃያ ስምንቱን ቀን ግን እኔ ጋ አታምጣው። የነዚያ ልጆች እናቶች አሉ፤ ቤታቸውን ታውቀዋለህ። በየቤታቸው ሂድ።"

"እሄዳለሁ።"

"ዛሬ።"

"ዛሬ።"

"ዞር በል እንግዲህ፣ መምህር፤ ሴትዮዋ ወተት ትፈልጋለች።"

ዞር አለ። ከሰዓት በኋላ መጋዘን አልተመለሰም። በሁለቱ ቀን የገቡት ዘጠኝና ስድስት፣ ሁለቴ የገቡት ሲቀነሱ አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ። እስኪመሽ አራት ቤት ደረሰ። በአራተኛው ቤት የወጣችው እናት እስኪጨርስ ሰማችውና ልጇን ከጓዳ ጠርታ፣ "ይኼ ሰውዬ ያለውን እንደገና ይበልህ" አለችው። ተሰማ ከመጀመሪያው ጀመረ።